ልጃችን ጣራውን ስታይ

ለታንጉት፣ ለአስካለ እናት፤

እንዴት ሰነበትሽ? ከተለየሽኝ አንድ በልግና አንድ መኸር አለፈ። የሙት ዓመት ተዝካርሽን ካወጣን ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀናችን ነው።

እኔ መጻፍ አልችልም፤ አንቺም ማንበብ አትችዪም ነበር። ይህን ሳስበው ብቻዬን ሳቅሁ። ቢሆንም አንቺ ባለሽበት የሚያነብልሽ አይጠፋም፤ ከዚህ ደብር ብቻ ስንት ቄስ ሄዷል። አንዱን ያዢና አስነብቢው።

የምናገረውን ወረቀት ላይ የምታወርድልኝ ሙሉ ናት። አታውቂያትም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣች ናት። ሥራዋ እንደ አስካለ ያሉትን፣ እጅ እግራቸው የማይታዘዝላቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየዞረች መርዳት ነው። ከቀየት ከተማ በእግሯ ተነስታ በሳምንት ሁለት ቀን ወደኛ ትወጣለች። ቃሌን እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። እኔ ደብተራ አይደለሁም፤ እንዳወጣሁት ይጻፍ።

የቤቱን ላስቀድም። ነጯ በግሽ መንታ ወልዳለች፤ ሁለቱም ሴት ናቸው። ባቄላውን ውርጭ መታው፤ ገብሱ ግን ክፉ አልሆነም። ያ በምሥራቅ በኩል ያፈስ የነበረው ጣራ፣ «ነገ እደፍነዋለሁ» እያልኩ ያሰነበትኩብሽ፣ ከቀብርሽ በኋላ ወጥቼ ደፈንኩት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አሥር ክረምት ሙሉ ሥሩ ዕቃ እየደቀንሽ የኖርሽው ለግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ከጣራው ላይ ወርጄ ልነግርሽ ወደ ቤት ገባሁ። እንደሌለሽ ትዝ ያለኝ ከገባሁ በኋላ ነው።

ነጠላሽ ከተሰቀለበት አልወረደም። ቤቱ ዝም ብሏል። አንቺ ቀኑን ሙሉ ከአስካለ ጋር ስታወሪ እኔ «ግድግዳ ታናግሪያለሽ» እልሽ ነበር። ትዝ ይልሻል? አሁን ግድግዳ የማናግረው እኔ ሆኛለሁ። ትልቁ ልጃችን ደብረ ብርሃን ነው፣ ስልክ ይደውላል፤ «ደህና ነን» እለውና ወሬ ያልቅብኛል።

አሁን የአስካለን ልንገርሽ። የሆነውን ሁሉ እነግርሻለሁ፤ ያጠፋሁትንም።

ሰው ከእኔ ጋር የቆየው እስከ አርባሽ ነው። የወንድምሽ የአበራ ሚስት አስካለን ስታበላና ስታጥብ ሰነበተች። ከአርባሽ በኋላ እሷም ቤቷን ልታይ ሄደች፤ አልፈርድባትም። የሄዱ ዕለት አበራ ደጅ ቆመና፣ «አንተ ሰው፣ ልጅቱን ጠበል ወስደን እዚያው እናስቀምጣት። ወንድ ልጅ ይህችን የምታህል ሴት አገላብጦ አያጥብም፤ አጉርሶም አያውቅ» አለኝ። እኔም «የራሴን ልጅ ላበላ ካንተ አልማርም፤ መንገድህን ሂድ» አልኩት። ታውቂኛለሽ። አፌ ከእጄ ይቀድማል።

ታንጉት፣ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። በሃያ ስምንት ዓመት አንድም ቀን በእጄ አጉርሻት አላውቅም። አንቺ ታመሽ እንኳ ተጋድመሽ ታጎርሻት ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን እያየሁ ከብቶቹን ላስገባ ብዬ እወጣ ነበር።

እንዴት አበላኋት መሰለሽ? እንደ በግ። በግ መድኃኒት ማጠጣት እኔ ነኝ የማውቀው፤ አገሩ ሁሉ ይጠራኛል። አንገቱን በክንድ ይዞ፣ አፉን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ በመንጋጋው በኩል ማፍሰስ፣ ጉሮሮውን ደባበስ ማድረግ፤ ይወርዳል። ልጄንም በጀርባዋ አስተኛሁ፣ ራሷን በክንዴ ያዝኩ፣ ፊቷን ወደ ጣራ አቀናሁና ቀጭን አጥሚት በቆርቆሮ ማንኪያ አፈሰስኩባት። ማንኪያውን ነከሰችው፤ ጥርሷ ተንገጫገጨ። ሳለች። ሰውነቷ እንደ ቀስት ተገተረ። እኔ እልኸኛ ናት ብዬ አሰብኩ፤ ያባቷ ልጅ ናት አልኩ። የበለጠ ቀና አደረግኋት።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አበላኋት። መጀመሪያ መሳቋ ቀረ። ከዚያ ማንኪያ ስታይ ፊቷን ማዞር ጀመረች። ከዚያ ትኩሳት ያዛት፤ ደረቷ ውስጥ የሚፈላ ድስት ያለ ይመስል ነበር። ጎረቤት ጠርቼ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወረድን። አራት ሆነው ተሸከሟት፤ እኔ ከኋላ ተከተልኩ። እዚያ ያለው ሐኪም ደረቷን አዳመጠና «የምትበላው ወደ ሳንባዋ ገብቷል፤ የሚያበላት ማነው?» አለ። «እኔ ነኝ» አልኩ። እንዲህ ቀስ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

አበራ ሰምቶ መጣ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ «ልትገድላት ነው፤ እህቴ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር?» አለኝ። ስለዚህ ቃል ሰጠሁት፦ «እስከ ሙት ዓመቷ ስጠኝ። እስከዚያ ካልሆነልኝ በቅሎህን ጭነህ ና፤ እኔ ራሴ ልጅቱን አወጣልሃለሁ።» በሰው ፊት ነው ያልኩት። ተጨባበጥን።

አየሽ፣ ልጅሽን በሙት ዓመትሽ ቀጠሮ አስይዣት ነበር።

ሙሉን የላከልን ያ ጤና ጣቢያ ነው። ስትመጣ በደስታ የተቀበልኳት እንዳይመስልሽ። ከልጆቼ የምታንስ ሴት ቤቴ ድረስ መጥታ እንዴት እንደማበላ ልታስተምረኝ! «አያስፈልግም» አልኳትና ገባሁ። እሷ ግን ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። «አባባ፣ ሦስት ሰዓት ተጉዣለሁ፤ እግሬ ሳያርፍ አልመለስም» አለች። እንግዳ ደጅ ተቀምጦ እኔ ቤት ውስጥ? ይህን አልችለውም። ጠላ ቀዳሁና ይዤ ወጣሁ። ስሰጣት፣ «የቤቱ ጌታ ሳይቀምስ?» አለች። እውነቷን ነው። ልቀምስ ስል፣ «እንዲያው ለእኔ ብለው ሰማይ ሰማይ እያዩ ይዋጡት» አለች። ምን የምትል ናት ብዬ ቀና አልኩና ዋጥኩ። ታንጉት፣ ልሞት ነበር። ጠላው በአፍንጫዬ ወጣ። ስስል ጀርባዬን መታ መታ አደረገችና፣ «አሁን ደግሞ አገጭዎን ወደ ደረትዎ አድርገው» አለችኝ። ወረደ፤ እንደ ዘይት ወረደ። «የአስካለ ጉሮሮም እንደ እርስዎ ጉሮሮ ነው» አለች።

በሩን ከፍቼ «ግቢ» አልኳት።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ እናቷ በምን ታበላት እንደነበር ነው። ያን ጊዜ የቀንድ ማንኪያሽ ትዝ አለኝ። የት እንደምትሰኪው አላውቅም ነበር፤ ቤቱን ሁሉ በረበርኩ። ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ፣ አስካለ በምትተኛበት በኩል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ጠርዙ በጥርሷ ተበልቷል። ሃያ ስምንት ዓመት የነከሰችው ነው። ቀንድ ስለሆነ ጥርሷን አይጎዳም፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ ብዙ አይዝም። አንቺን ይህን ማን አስተማረሽ? ሙሉ እያገላበጠች አየችውና «እናቷ እኔ የተማርኩትን ቀድማ ታውቀው ነበር» አለች። እኔ ከዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ።

ቀጥላ የጠየቀችኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «አባባ፣ አስካለ አዎ ስትል እንዴት ነው የምትለው?» አለችኝ። «አፍ የላትም» አልኩ። «አፍ ባይኖራትም» አለች። ሙሉ አስካለ ፊት ተንበረከከችና «እናትሽ ታንጉት ናት?» አለቻት። አስካለ ዓይኗን ወደ ጣራ ወረወረች። ሙሉ በእጇ እኔን እያሳየች «እኚህ ሰውዬስ እናትሽ ናቸው?» አለቻት። ዓይኗን ጨፈነች፤ አይ ማለቷ ነው፤ ከዚያ ሳቀች። መሳቋ ከቀረ ወዲህ የሳቀችው የመጀመሪያው ሳቅ ነው፤ በእኔ።

አንቺ «ጠማሽ እንዴ የኔ ልጅ?» ብለሽ ፊቷን ታዪና ውኃ ታመጪ ነበር። «ይብቃሽ?» ብለሽ ታዪና ታነሺው ነበር። እኔ በግምት የምታደርጊው ይመስለኝ ነበር። ስትነግርሽ ኖራለች ለካ። እኔማ ምን እል እንደነበር ታውቂያለሽ፤ «ምን ጣራ ጣራ ታያለሽ!» እያልኩ እቆጣት ነበር። ለካ አዎ እያለችኝ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ልጄ አዎ ስትለኝ ተቆጣኋት።

ወጥቼ ከበጎቹ በረት ጋ ቆምኩ። ሙሉ አልተከተለችኝም። ለዚህ አመሰግናታለሁ። ይህንን ስትጽፍ እያፈረች ነው፤ ጻፊ ብያታለሁ።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ይህን ሳልናገር ደብዳቤው አይጠቅምም። ሙሉ ስለ አወላለዷ ጠየቀችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ማማጥሽን፣ ልጅቱ ስትወለድ ጠቁራ እንደነበርና ለማልቀስ እንደቆየች ነገርኳት። ምጥ ሲረዝም የሕፃን አንጎል አየር አጥቶ ሊጎዳ ይችላል አለች፤ ስሙን ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። አፌ እስኪይዘው ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ዘር አይደለም፣ ርግማን አይደለም፣ ቡዳም አይደለም አለች። ምጡ ለመሆኑ እሷም አልማለችም፤ ግን ሊሆን ይችላል አለች።

ያን ጊዜ፣ በምጥሽ፣ ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ሲሉኝ «የኔ ሚስት በሰው ትከሻ ላይ ሆና አገር አያያትም» ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅቱ በሦስት ዓመቷ አልሄድ ስትል ደግሞ፣ በገና ዕለት ጠጥቼ፣ በሰው መሐል «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አልኩሽ። አልመለስሽልኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልጅቱ ጎን ተኛሽ፤ ወደ አልጋችን አልተመለስሽም። ለአንቺ የከለከልኩትን ቃሬዛ ለልጅሽ ለምኜ አስመጣሁት፤ ትከሻውም የእነዚያው ጎረቤቶች ልጆች ትከሻ ነው። ይቅር በዪኝ። በሕይወትሽ ሳለሽ አንድ ቀን ልል አስቤ ከአፌ አልወጣ አለኝ። አሁን ወጣ።

ወደ ቤቱ ልመለስ።

ማንኪያውንና አገጩን ከተማርኩ በኋላ አስካለ መዋጥ ጀመረች። አጥሚቱንም አወፈርኩት፤ ቀጭን ነገር መንገድ ይስታል። ችግሩ መቀመጡ ነበር። ተጋድሞ መብላት አይሆንም፤ ቀጥ ብላ እንዳትቀመጥ ደግሞ ጀርባዋ አይዝም፤ እንደ ጆንያ ወደ ጎን ትወድቃለች። አንቺ በጭንሽ መሐል አድርገሽ በደረትሽ ትደግፊያት ነበር። እኔ ሞከርኩ፤ ጉልበቴ እምቢ አለ። ሙሉ ለእንዲህ ያለው የሚሆን ወንበር አለ፣ ከከተማ እስኪመጣ ግን ጊዜ ይወስዳል አለች። ምን ዓይነት ነው አልኳት። በእንጨት መሬት ላይ ሣለችልኝ፦ ቂጥ ወደ ኋላ ገብቶ፣ ጉልበት ታጥፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ጀርባ ተደግፎ።

አየሁትና «ይህማ የኔ ጉድጓድ ነው!» አልኳት።

የበግ ጠጉሩን ብርድ ልብስ፣ ባናውን፣ ስሸምን የምገባበትን ጉድጓድ ማለቴ ነው። ሸማኔ እንዴት ነው የሚቀመጠው? ቂጡ ከጠርዙ፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ እግሩ ከታች። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ወገቤን አይለኝም። አንቺ «መቃብርህን ቆፍረህ ገባህበት» እያልሽ ትስቂብኝ የነበረው ጉድጓድ። ሙሉ ገባችና ተቀምጣ ሞከረችው፤ እግሯን አወዛወዘች። «አባባ፣ ይህን የት ተማሩት?» አለች። አሁን የጠየቀችው እሷ ናት። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በማግሥቱ ከጎኔ ሁለተኛ ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ በልኳ። እግሯ እስኪረግጥ ሦስት ጊዜ አፈር መለስኩበት። ከኋላዋ የድንጋይ መደገፊያ አቆምኩ፤ በአጎዛ አለበስኩት። በግራና በቀኝ ገለባ የሞላው ጆንያ አስገባሁ። የቀረው ደረቷን የሚይዝ ማሰሪያ ነበር። ጠፍር ይቆርጣታል፤ ገመድ ይፈገፍጋታል። ያን ጊዜ ቅርጫትሽን አወረድኩ።

ከመታመምሽ በፊት የፈተልሽው የበግ ጠጉር እዚያው ነበር። ሰባት ልቃቂት። አልነካሁትም ነበር። የማንም ፈትል እንዳንቺ አይጠብቅም፤ ይህን ስትኖሪ አልነገርኩሽም፤ «ደህና ነው» ነበር የምልሽ። በስድስቱ ልቃቂት አንድ ክንድ የሚሰፋ ማሰሪያ ሸመንኩ። ደረቷን ይዞ ከኋላ ከመደገፊያው ጋር ይታሰራል። እንግዲህ አሁንም ደረቷን የያዝሻት አንቺ ነሽ። ሰባተኛው ልቃቂት ቀርቷል። ማሰሪያው ሲሳሳ መጠገኛ ይሆናል፤ ለሌላ ነገር አላደርገውም።

አሁን ስሸምን ከጎኔ ናት። መወርወሪያው ከእጄ ወደ እጄ ሲሮጥ በዓይኗ ትከተለዋለች። ሲወድቅብኝ ትስቃለች። ታዲያ አንዳንዴ ሆን ብዬ እጥለዋለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

የመታጠቧ ነገር ደግሞ አለ። ይህ ከሁሉ ከበደኝ። አበራ ያለው እውነት ነው፤ አባት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጁን ገላ አያጥብም። ሙሉ በመጣች ቀን ታጥባታለች፤ ግን በሳምንት ሁለት ቀን አይበቃም፤ ጀርባዋ መቁሰል ጀምሮ ነበር። «የሚረዳ ሴት ዘመድ የለም?» አለችኝ። ያንቺ የማርያም ማኅበር ትዝ አለኝ። ጽዋሽን እኔ ተረክቤአለሁ፤ ወር ጠብቄ ከሴቶቹ መሐል እቀመጣለሁ። በዕድሜዬ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ በድርቁ ጊዜ እንኳ አልለመንኩም። ያን ቀን ጸሎቱ ሲያልቅ ተነሥቼ ቆምኩ። «እህቶቼ፣ ልጄን እኔ ማጠብ ነውር ነው፤ ሳትታጠብ መተው ደግሞ ከነውርም የባሰ ነው። በየተራችሁ እጠቡልኝ» አልኩ።

ከዚያ ጎረቤትሽ ዘርፌ፣ ያቺ ምላሰኛ፣ «ይህን ለማለት አምስት ወር ፈጀብህ? እኛ እኮ ትቆጣለህ ብለን በአጥር ነው የምናያት!» አለችኝ። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሰባቱ እንደ ጽዋው ተራ አወጡ። ሙሉ ሁለት ሆነው እንዴት እንደሚያነሷት፣ በየስንት ጊዜው እንደሚያገላብጧት፣ አገጯን ይዘውም እንዴት እንደሚያጎርሷት አሳየቻቸው። ሲያጥቧት እኔ በጎቼን ይዤ እወጣለሁ። ሲጨርሱ ዘርፌ ከአጥሩ ላይ «ና፣ ልጅህ እንደ ሙሽራ ሆናልሃለች!» ብላ ትጣራለች። ጀርባዋ ድኗል።

አሁን ወደ ተዝካርሽ።

ዳሱን ደጃፋችን ላይ ጣልን። አንቺ በነበርሽ ጊዜ ድግስ ሲኖር አስካለን ጓዳ አስገቢያት የምልሽ እኔ ነበርኩ። መጋረጃ ጋርደሽባት በየመሐሉ እየገባሽ ታዪያት ነበር፤ ባንቺ ተዝካር ግን አላደረግሁትም። ከካህናቱ ፊት ለፊት፣ ዳሱ መሐል፣ ዶማ ይዤ መቆፈር ጀመርኩ። ሰው ተደናገጠ። «ደምሴ በሚስቱ ተዝካር ቀን ጉድጓድ የሚቆፍረው ለማን ነው?» ሲባባሉ ሰማሁ። መልስ አልሰጠሁም። አጎዛውን አነጠፍኩ፣ ዘርፌና ሙሉ አስካለን አምጥተው አስቀመጧት፣ ማሰሪያሽን አሰርኩላት። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ልጅሽ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

አበራ መጥቷል። በቅሎዋ ደጅ ቆማለች፣ ኮርቻዋ ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ለልጅቱ እንዳይቆረቁራት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም ወንድምሽ። ሰው ከበላ በኋላ ተነሣና «ቃልህን አስብ» አለኝ። «አስቤአለሁ» አልኩት። «ወፍራለች፤ አይቻለሁ። ግን አንተ ሽማግሌ ነህ። ነገ ብትወድቅስ?» አለኝ። ይህ ጥያቄ ልክ ነው። እኔም በየቀኑ የምጠይቀው እሱን ነው። ያለኝን መለስኩለት፦ «ብወድቅ ሰባት ሴት አገጯን እንዴት እንደሚይዙ ያውቃሉ። አምና እኔም አላውቅም ነበር። አሁን ደግሞ እኔን ተው፤ እሷን ጠይቃት።»

«እሷን?» አለ። «ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ጠይቃት።»

አበራ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለና፣ ደንቆሮ የሚያናግር ይመስል፣ «አስካለ! ከእኔ ጋር ወደ ጠበሉ ትሄጃለሽ ወይ!» ብሎ ጮኸባት። ዓይኗን ጨፈነች። እንዴት እንደጨፈነችው ብታዪ! አፍንጫዋ ሁሉ ተሸበሸበ። «ፀሐይ ነው፣ ፀሐይ ወጋት እኮ» አለ አንዱ ከኋላ። «በል ሌላውን ጠይቃት» አልኩት። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካባትሽ ጋር እዚሁ ትኖሪያለሽ?» አላት።

ዓይኗን ወደ ላይ ወረወረች። ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ፣ ካህናቱ ሳይቀሩ፣ ምን ታይ ይሆን ብሎ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ምንም የለም፤ ቅጠልና እንጨት ነው። እኔ ብቻ ፊቷን አየሁ። እኔና ሙሉና ዘርፌ።

የንስሐ አባታችን «ጠበሉን እኔ አመጣላታለሁ፤ መንገዱ ለእግሬ ይበጀዋል» አሉ። አበራ ወደ በቅሎዋ ዞረ። ከዚያ ከኮርቻው ላይ ብርድ ልብሱን አነሣና ጉልበቷ ላይ ደረበላት፤ በቅሎዋን ባዶዋን እየሳበ ሄደ። ብርድ ልብሱ እስከ ዛሬ እዚሁ አለ።

አሸነፍኩ ብዬ እንድፎክር ትጠብቂ ይሆናል። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ዳሱ ሲፈርስ፣ የምነግረው ሰው ፈለግሁ። «አየሽ እንዴት እንደጨፈነች?» የምለው። ዘወር ስል ነጠላሽ ተሰቅሏል። ደስታ ብቻውን ቤት ሲገባ ከኀዘን የባሰ ይከብዳል። የት አስቀምጠዋለሁ? ይህን ደብዳቤ ያስጻፍኩት ለዚህ ነው።

አልረሳሽም ብዬ አልምልም፤ መሐላ ለማይተዋወቅ ሰው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ያን የተበላ ማንኪያ እይዛለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጌ እጠብቃለሁ፣ እስክትውጥ። ስትውጥ ስምሽን እጠራለሁ። እሷም ለምዳዋለች፤ ሳልጠራሽ ብረሳ ሁለተኛውን ጉርሻ አትቀበልም። እጄ እስከሚይዝ እንዲሁ እኖራለሁ። እጄ ሲደክም የሚያጎርሷት ሴቶች ስምሽን እንዲጠሩ ነግሬአቸዋለሁ፤ ተስማምተዋል።

አሁን ከጎኔ ተቀምጣለች። ሙሉ የጻፈችውን ሁሉ አነበበችላት። «ለእናትሽ አስካለ ደህና ናት ልበላት?» አልኳት። ጣራውን አየች። «አባትሽም ደህና ነው ልበላት?» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች።

የሙሉ እጅ ቆመ። «ጻፊው» አልኳት፤ «ልጄ ያለችው ይጻፍ።»

ባልሽ፣
ደምሴ